ተወዛዋዥ ሥራ የሚያገኘው በወኪል ነው ወይስ በራሱ?

ባሕር ዳር ላይ የተወዛዋዥ እንጀራ በዋናነት ከባህል ምሽት ቤት፣ ከሰርግና ከክሊፕ ቀረጻ ነው። ለምሽት ቤት ወኪል መያዝ ገንዘብ ማባከን ነው። ባለቤቱ ወይም የባንዱ መሪ ፊት ቀርቦ መጨፈር ይበቃል፤ እስክስታ ብቻ ይዞ የመጣ ግን ይቸገራል፣ የጉራጌው፣ የኦሮሞውና የትግራዩ ጭፈራም ይጠየቃል። ከደሞዙ ሌላ ሦስት ነገር ቀድሞ ይለይ፦ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ሽልማት ለግል ነው ወይስ ለጋራ? ልብሱን የሚያዘጋጀው ማን ነው? የሌሊቱን ባጃጅ የሚከፍለውስ?

ሰርግ ላይ ነገሩ ይለያል። ጥር ሲገባ ጥሪው ይደራረባል፤ ደጋሹም የሚፈልገው ሙሉ ቡድን ከነከበሮው ነው፤ ይህን በአንድ ስልክ የሚያሟላ ወኪል ዋጋ አለው። ጣጣው ሂሳቡ ላይ ነው። ለምሳሌ ደጋሹ 20,000 ብር ከፍሎ ስድስቱ ተወዛዋዦች እያንዳንዳቸው 2,000 ብር ብቻ ከደረሳቸው፣ 8,000 ብሩ ወኪሉ ጋ ቀርቷል ማለት ነው። ስለዚህ ኮሚሽኑ በመቶኛ ይነገር፣ ቀብዱም በቡድኑ ፊት ይቆጠር። ቡድኑን ራሱ የሚያደራጅ ተወዛዋዥ ኮሚሽኑን ያተርፋል፤ በምትኩ የቀረ ሰው መተካትና ቀሪ ክፍያ ማሳደድ የእሱ ዕዳ ይሆናል።

ክሊፕ አብዛኛውን ጊዜ በአሰልጣኝ በኩል ይመጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ግን ሰርግ እምብዛም ስለሌለ ወኪልም ብዙ አይፈይድም፤ ያኔ የሚያዋጣው አጭር ቪዲዮ ቀርጾ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ነው። «ውጭ አገር እልካችኋለሁ» ለሚል ደግሞ ፈቃዱና የጽሑፍ ውሉ ሳይታይ ፓስፖርት አይሰጥም።