ትንሽ አውሮፕላን ላላችሁ፦ የምጠቁማችሁ የሞተር ባለሙያ አለኝ

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ትንሽ አውሮፕላን ያላችሁ፣ ወይም እንደኛ ተጋርታችሁ የገዛችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። የኛ ሰስና 172 ሞተሯ ታድሶ መብረር ጀምራለች። ምስጋናው የአንድ አገራችን ሰው ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ዘይት ሲቀይሩ አሮጌውን ፊልተር ዝም ብለው አይጥሉትም። በመቁረጫ ከፍተው ውስጡ የታጠፈውን ወረቀት ይዘረጉታል፤ ከዚያ በማግኔት ይዳብሱታል። በኛው ላይ ማግኔቱ የብረት ብናኝ ለቀመ። የኮምፕሬሽን ፈተናው (ሲሊንደሩ የአየር ግፊት መያዙ የሚታይበት) ግን ደህና ነበር፤ 80 ፒኤስአይ ግፊት ተሰጥቶት ሁሉም ሲሊንደር ከ70 በላይ ያዘ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ምንም አይል" ብሎ ይሸኛችኋል። እሳቸው አንድ ሲሊንደር አወረዱና በባትሪ እያበሩ ካምሻፍቱን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ አሳዩን። ፊቱ ተቦርቡሯል።

ምክንያቱንም አስረዱን። እንደኛው ባለ ላይካሚንግ ሥሪት ሞተር ካምሻፍቱ ያለው ከኮሎው (ፒስተኖቹ ከሚያዞሩት ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ) በላይ ነው። አውሮፕላኑ ለወራት ሲቆም ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ካሙ ይደርቃል፤ እርጥበት ሲያገኘው ዝገት ይጀምረዋል። የኛዋ ደግሞ ከመግዛታችን በፊት ረጅም ጊዜ ቆማለች። ፋብሪካው እድሳት የሚመክረው በ2000 ሰዓት ወይም በ12 ዓመት ነው። ሰው ግን ሰዓቱን እንጂ ዓመቱን አይቆጥርም።

ሞተሩ ወረደ። ኮሎው ለስንጥቅ ምርመራ ተላከ። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት)፣ ብሮንዚኑ (ኮሎው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ)፣ ካምሻፍቱ ሁሉ አዲስ ገባ፤ የወጣው አሮጌ ዕቃም በካርቶን ተቀመጠልን። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ግን መጀመሪያ በነገሩን ነው የጨረሱት። መሃል ላይ "ይሄም ተገኘ" ብሎ ነገር የለም።

በጣም የወደድኩላቸው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የታደሰ ሞተር ቀስ ተብሎ ይለማመዳል የሚል ሰው ሞልቷል። ጋሼ ሚነራል ዘይት ሞልተው፣ "ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚገጥመው ግፊት ሲያገኝ ነው። በ75 በመቶ ኃይል አብርሩት፤ መሬት ላይ ብዙ አታስነሱት" አሉን። የዘይት ፍጆታውን በየበረራው መዝግበን እንድንልክላቸው አደረጉ፤ እስኪረጋጋ ድረስም እየደወሉ ይጠይቁ ነበር። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን) ፈቃድ አላቸው፤ ዓመታዊ ምርመራም ይፈርማሉ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ብቻቸውን ስለሚሠሩ ወረፋ አለ፤ ምርመራችሁ ሳይደርስ ቀደም ብላችሁ ደውሉ።