የሕዝብ ተወካይ ከመራጩ ጋር ያደረጉት የግማሽ ቀን ውይይት በደሴ፦ አገልግሎቱን እንዴት አገኘሁት?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 30 ቀን ተዘግቶ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስኪከፈት ባለው ጊዜ አባላቱ ወደ ምርጫ ክልላቸው ወርደው ማብራሪያ መስጠታቸውና ጥያቄ መቀበላቸው በግብራችን የምንገዛው አገልግሎት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይ በሕግ መሠረት ከወንበሩ ሊነሣ እንደሚችል ይደነግጋልና፣ ሆቴል ያደረ ሰው ስለ አልጋው እንደሚናገር ሁሉ መራጭም ከአዳራሽ ሲወጣ ያገኘውን ቢናገር ነውር አይመስለኝም። በዚህ ክረምት ደሴ ውስጥ በአንድ አዳራሽ በተካሄደ እንዲህ ያለ ውይይት ላይ ተገኝቼ ነበር። የምመዝነው ሰውየውን ሳይሆን ያቀረቡትን ስለሆነ ስማቸውን አልጠቅስም። የዕለቱ ርእሶች የሀገር ታሪክ፣ የወረርሽኝ ቅድመ ዝግጅት እና የተፈጥሮ ጥበቃ ነበሩ።

ጥሪው ለሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የተጀመረው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ የጦሳ ተራራ ከላይ እስከ ታች ጉም ለብሶ ዝናቡ ባላባራበት ጠዋት ይህን እንደ መዘግየት አልቆጥረውም። በበሩ ግራ በኩል በ2012 ዓ.ም. የተተከለ፣ በእግር የሚረገጥ የእጅ መታጠቢያ በርሜል ቆሟል። ልምድ ሆኖብኝ ረገጥኩት፤ ፔዳሉ ሲንቋቋ ተሰማ እንጂ ውሃ አልወረደም። ሳሙና ይቀመጥበት በነበረው ጎድጓዳ ውስጥ የከረሜላ ልጣጭና ያለቀ እስክሪብቶ አገኘሁ። ተወካዩና አጃቢዎቻቸው በርሜሉን ታክከው ገቡ።

ንግግራቸውን የጀመሩት በታሪክ ነው፤ በዚህ ዘርፍ አገልግሎቱ ከጠበቅሁት በላይ ነበር። ወረቀት ሳያዩ ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተነሡ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ክርክሩን ለመቋጨት ሊቃውንቱን እዚያ መሰብሰባቸውን ብቻ ተናግረው ቢያልፉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እርሳቸው ግን ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ መገደዱን፣ የወሎው መሪ መሐመድ አሊም ሚካኤል ተብለው ክርስትና የተነሡት በዚያ ጊዜ መሆኑን ሳይሸፋፍኑ አነሡት። ሸሁና ቄሱ በአንድ ወንበር ተጠጋግተው በተቀመጡበት አዳራሽ ይህን ያለ ቁጣና ያለ ማለባበስ መናገር ቀላል አይደለም፤ በእኔ ግምት የዕለቱ ምርጥ ሩብ ሰዓት እርሱ ነበር። ከዚያ ወደ ውጫሌ ወረዱ፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ የተፈረመውን ውል፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው 17ኛ አንቀጽ የተለያየበትን አንድ ግሥ እያነጻጸሩ ሲተርኩ አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከጭብጨባው በኋላ ነው። ወደ ወረርሽኝ ሲሻገሩ ወረቀት አወጡ፣ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት ወረርሽኝ ሲከሰት የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ በክልል ደረጃም የክልሉ አስተዳደር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ እንደሚችሉ በትክክል አስረዱ። የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱን፣ በዚያው ወር ማብቂያ የአምስት ወር አዋጅ መታወጁን፣ ምርጫውም ከነሐሴ 2012 ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መሻገሩን ዘረዘሩ። ግሡ ሁሉ ግን ያለፈ ነገር ነበር፤ «ተቆጣጠርን»፣ «ተወጣነው»፣ «አለፍነው»። ሊመጣ ስለሚችለው በሽታ የሰማሁት «ዝግጁነታችን ይጠናከራል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ማን፣ የት፣ በስንት ቀን፣ በየትኛው በጀት የሚለው አልተነካም። በጤናው ዘርፍ የሚሠሩ ሰዎች 7-1-7 የሚሉት መለኪያ አላቸው፤ አዲስ ወረርሽኝ በ7 ቀን እንዲለይ፣ በ1 ቀን ሪፖርት እንዲደረግ፣ በቀጣዮቹ 7 ቀናት የመጀመሪያው ምላሽ እንዲሟላ የሚጠይቅ ነው። አንድ ተወካይ ወረዳዬ ከዚህ አንጻር የት ላይ ነው ብሎ ጠይቆ ቢመጣ በቂ ነበር።

ይበልጥ ያሳዘነኝ ታሪኩንና ወረርሽኙን ሁለት ቦታ ከፍለው ማስቀመጣቸው ነው። ስለ ክፉ ቀን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያልፉ «የድርቅ ዘመን» አሉት። ከ1880 ዓ.ም. አንሥቶ ሀገሩን የፈጀው መከራ በከብት በሽታ ነው የጀመረው፤ ደስታ የሚባለው በሽታ ለጣሊያን ጦር በምጽዋ ከገቡ ከብቶች ጋር እንደመጣ ይታመናል፣ ከሀገሪቱ ከብትም እስከ 90 በመቶ የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ የሌለው ገበሬ ባያርስ፣ ዝናቡ ቢቀር፣ አንበጣና አይጥ ቢጨመርበት ረሀብ ሆነ። ይስማ ንጉሥ ላይ ውሉ ሲፈረም በሽታው በሀገሩ ላይ እየተሰራጨ ነበር። ያንን የ17ኛ አንቀጽ ግሥ እንዲያ አሣምረው የተረኩ ሰው ከውሉ ጎን ሲያልቅ የነበረውን ከብት ቢያስታውሱ ኖሮ የታሪኩ ክፍልና የዝግጅቱ ክፍል ራሳቸው በተያያዙ ነበር። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ስለገባው የኅዳር በሽታም ያው ነው፤ ኅዳር 12 ቆሻሻ የሚቃጠለው ከየት እንደመጣ ከተሰብሳቢው ወጣት ስንቱ እንደሚያውቅ አልተጠየቀም።

ቦሩ ሜዳን ደግሞ ተመልከቱ። ተወካዩ ሩብ ሰዓት የተናገሩለት ሜዳ ከአዳራሹ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ነው፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረ፣ በኮቪድ ጊዜም የሕሙማን ለይቶ ማከሚያ ሆኖ ያገለገለ ነው። የሜዳው ስም አሥር ጊዜ ተጠርቶ ሆስፒታሉ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠራም። በ2014ቱ ጦርነት የከተማችን ሙዚየምም ሆስፒታልም ሁለቱም መዘረፋቸውን ስናስብ፣ ቅርስንና ጤናን ለየብቻ አድርጎ መናገር ደሴ ላይ የሚያስኬድ አይደለም።

የተፈጥሮ ጥበቃውን ክፍል በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም እርሳቸውም በአጭሩ አልፈውታል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስለሚተከለው ችግኝ ተናገሩ፤ ስንቱ እንደጸደቀ ግን አልነገሩንም። የሐይቅ እስጢፋኖስን ደን በምሳሌነት ማንሣታቸው ተገቢ ነበር። ነገር ግን ገዳሙን «ደሴቱ» እያሉ ሲጠሩት ከኋላዬ ሳቅ ተሰማ፤ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ገዳም በጥንት ጊዜ በእርግጥ ደሴት ላይ ነበር፣ ዛሬ ግን ውሃው ሸሽቶ ሰው በእግሩ ይገባበታል። ስለ ሐይቁ ከዚህ የተሻለ መነሻ ከየት ይገኛል? ቀይ ቀበሮንም «ከአዳኝ እንጠብቀው» አሉ። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘውን፣ ለአቅመ መራባት የደረሰው ቁጥሩም ከ500 የማይበልጠውን ይህን አውሬ ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጀው ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከቦረና ሳይንት በኩል የመጡ አንድ ገበሬ ተነሥተው ለብሔራዊ ፓርኩ አጎራባች መንደሮች የውሻ ክትባት በየዓመቱ ይመጣ እንደሆነ ሲጠይቁ መልሱ «ጉዳዩ የሚመለከተውን አካል እናነጋግራለን» የሚል ነበር። ገበሬው በአንድ ጥያቄ የዱር እንስሳውንም የሰውንም በሽታ አገናኝተው ነበር፤ መልሱ ግን አለያያቸው።

በእርግጥ የጥያቄው ሰዓት ለብቻው ቢሆን ከፍ ያለ ነጥብ እሰጠው ነበር። በአንዲት ቀበሌ የምታገለግል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማይክሮፎኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሳምንታዊ የበሽታ ቅኝት ሪፖርቷን የምትልክበትን የስልክ ካርድ ከኪሷ እንደምትገዛ ተናገረች፤ በ2012 ዓ.ም. አብረዋት በፈጣን ምላሽ ቡድን ከሠለጠኑት ስድስት ሰዎች በቦታው የቀረችው እርሷ ብቻ መሆኗንም ጨመረች። ተወካዩ ስሟን ሳይሆን የቀበሌዋን ስም መዘገቡ፤ ይህን አደነቅሁ፣ አንዳንድ ቦታ የሚመዘገበው የተናጋሪው ስም ነውና።

ከእርሷ ቀጥለው አንድ ሸህ ተነሡ። «ልጄ፣ ለዕድሜው አባትዎ እሆናለሁ፤ ለወንበሩ ስል ግን እርስዎ እላለሁ» ብለው ጀመሩ። ቀጠሉና፣ በኮቪድ ጊዜ የቀብር ታዳሚ ቁጥር ሲገደብ ሰውን ያሳመነው አዋጁ ሳይሆን ቅሬው፣ ማለትም የመንደሩ ዕድር፣ እንደነበር አስረዱ። የእርሳቸው ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ ነው፤ ድንኳኑን ሳይተክል፣ ለቀስተኛውን በተራ እያስገባ፣ ንፍሮውን ለየቤቱ እየላከ ወራት አሳልፏል። «አብሽሩ፣ ልወቅስ አልመጣሁም፤ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ለሚቀጥለው በሽታ በሚጻፈው ዕቅድ ውስጥ ቅሬ የሚል ቃል አለ ወይስ የለም?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ተወካዩ ጥቂት አሰቡና «እስካየሁት ድረስ የለም፤ ሊኖር ይገባል» ብለው መለሱ። ከሦስት ሰዓት ቆይታ ውስጥ ያለ ወረቀት ስለ ወረርሽኝ የተናገሩት ብቸኛው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ነጥቤ ከዚህም ዝቅ ይል ነበር።

ስለ መስተንግዶው ብዙ የምለው የለኝም። የታሸገ ውሃና ብስኩት ነበር፤ የድምፅ ማጉያው ከኋላ ረድፍ ለተቀመጠ ሰው ይቆራረጣል። አወያዩ ክቡርነትዎ ማለት ስለሚያበዙ ከጥያቄው ሰዓት ቢያንስ አሥር ደቂቃ በማዕረግ አለቀ። መግቢያው ነፃ ቢሆንም የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀኑን ከፍሎ ነው የሚመጣው፤ ሰኞ፣ በገበያ ቀን፣ መጥራቱም ሰኞ ገበያ የሚነግዱ ሴቶችን ሙሉ በሙሉ አስቀርቷል።

በአጠቃላይ ለታሪኩ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለተፈጥሮ ጥበቃው ሁለት፣ ለወረርሽኙ ሁለት እሰጣለሁ፤ ሁለተኛዋን ያስገኙት ሸሁ ናቸው። ተወካዩ መናገር የሚችሉ፣ ሲሳሳቱም የማይቆጡ ሰው ስለሆኑ በሚቀጥለው ክረምት ቢጠሩን እመለሳለሁ። ለመሄድ ያሰበ ሰው ጥያቄውን በሁለት ቅጂ ጽፎ ይያዝ፣ ከመድረኩ በስተቀኝ ባሉት ረድፎች ይቀመጥ፣ ማይክሮፎኑ መጀመሪያ የሚዞረው በዚያ በኩል ነው። የእኔ ጥያቄ ተራው ሳይደርሰው ስለቀረ ወረቀቱን ለረዳታቸው ሰጠሁ፤ ረዳታቸው ስልኬን መዝግቦ በ15 ቀን ውስጥ እንደሚደወልልኝ ነገረኝ። ዛሬ 22ኛ ቀኑ ነው። ስወጣ በርሜሉን ደግሜ ረገጥኩት።