ማይሰን ወይስ ዌጅዉድ?

ሁለቱም ስመ ጥር የሸክላ ዕቃ አምራቾች ናቸው፤ አነሳሳቸው ግን ለየቅል ነው። ማይሰን እ.ኤ.አ. በ1710 ጀርመን ውስጥ ሲቋቋም ከጀርባው የሳክሶኒው ገዢ አውግስጦስ ነበር። ወርቅ እሠራለሁ ባዩ ቦትገር በጥበቃ ሥር ሆኖ ከሳይንቲስቱ ቺርንሃውስ ጋር ሲሞክር ሲሞክር፣ አውሮፓ ስትመኘው የኖረችው፣ ፖርሴሊን የሚባለው ጠንካራ ነጭ የሸክላ ዓይነት ተገኘ። ዕቃውን ገልብጡት፤ ሥሩ ላይ የተጠላለፉ ሁለት ሰማያዊ ሰይፎች አሉ።

ጆሳያ ዌጅዉድ ግን የሸክላ ሠሪ ልጅ ነው፤ በ1759 እንግሊዝ ውስጥ የራሱን ሥራ ጀመረ። የእኔ ልብ ወደ እሱ ያደላል። ጃስፐር የሚባለው ሸክላው አያብረቀርቅም፤ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ላይ ነጭ ምስል ጎላ ብሎ ይወጣል። እዚያ ለመድረስ በሺዎች የሚቆጠር ሙከራ ፈጅቶበታል። በ1787 ደግሞ በሰንሰለት ታስሮ የተንበረከከ ሰው ያለበትን ሜዳልያ ሠርቶ ለባርነት ተቃዋሚዎች በነፃ አደለ። ማይሰን በውበት ቢበልጠውም፣ ይህን አላደረገም።