አርጎን ወይስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ በዝግ ቦታ የትኛው ያሰጋል?

በማዕድን ማውጫ፣ የማዕድን ጎተራ ወይም የድንጋይ መፍጫ ውስጥ ገብቶ ለሚበይድ ሰው፣ የጋለውን ብረት ከአየር ለመከለል የሚለቀቁት ሁለቱም ጋዞች አደገኛ ናቸው። ሁለቱም ከአየር ይከብዳሉ፤ አርጎን 1.38፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1.53 እጥፍ። ከቱቦ ቀዝቅዘው ሲያፈተልኩ ወለሉ ላይ ይተኛሉ። አገዳደላቸው ግን ለየቅል ነው።

አርጎን አይመርዝም፤ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣል። ሽታ የለው፣ የመታፈን ስሜት የለው። ትንፋሽ ሲታፈን የሚያስጨንቀን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት ነው፤ እዚህ ግን እሱ በትንፋሽ ስለሚወጣ በያጁ ሳይታወቀው ይወድቃል። ለአርጎን የኦክስጅን መለኪያ ይበቃል፦ ንጹሕ አየር 20.9%፤ ከ19.5% በታች ከወረደ ወዲያው መውጣት።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በራስ ምታትና ቁና ቁና በማስተንፈስ ያስጠነቅቃል፤ የኦክስጅን መለኪያውን ግን ይሸውዳል። 10 ሜትር ኩብ ቦታ፣ በደቂቃ 15 ሊትር ፍሰት፣ ማናፈሻ የሌለው እንበል። በ27 ደቂቃ 400 ሊትር ገደማ ይገባል፤ ያ 4% ያህል፣ ለሕይወት አስጊ ነው። ኦክስጅኑ ግን ገና 20% አካባቢ ስለሆነ መለኪያው አይጮህም። ስለዚህ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ የግድ ነው፤ ለሁለቱ ጋዞች ድብልቅ ሁለቱም መለኪያዎች። ቅስቱ (ብረቱን የሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝም ስለሚፈጥር የእሱም መለኪያ ይጨመር።

እኛ ይበልጥ የምንፈራው አርጎንን ነው፣ በተለይ በምሳ ሰዓት። ቶርቹ (ጋዙ የሚወጣበት የብየዳ መያዣ) እዚያው ዝግ ቦታ ውስጥ ተትቶ ቫልቩ በትንሹ ካፈሰሰ፣ ተመላሹ የሚገባው ወደ ጋዝ ኩሬ ነው። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ ውጭ ይቁም፤ ለእረፍት ሲወጣ ቫልቩ ይዘጋ፣ ቶርቹም ይውጣ፤ ሲመለሱ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እንደገና ይለካ። አየሩን «ለማደስ» ኦክስጅን መልቀቅ ደግሞ ልብስን ችቦ ያደርጋል።