የእምዬ ንቅሳት ቆሻሻ አይደለም፦ አራት ኪሎ ስላለች አንዲት ፎቶ ቤት

አራት ኪሎ አካባቢ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለች። በሯ ላይ የተጻፈው «ፎቶ፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚገባው ለጉርድ ፎቶና ለመታወቂያ ኮፒ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ግን ሌላ ሥራ አለ። አሮጌ ፎቶ ያድሳሉ፤ ካሴት ወደ ፍላሽ ይገለብጣሉ። እኔ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ። ከአባቴ ወገን አንድ ፎቶ፣ ከእናቴ ወገን አንድ ካሴት።

ድሮ ቢሆን ፒያሳ ነበር የምወስደው። ፒያሳ ብዙው ቦታ በ2016 ሲፈርስ የማውቃቸው ቤቶችም አብረው ተበተኑ። ይህችን ያሳየችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት።

መጀመሪያ ስለ ቤተሰቤ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። የአባቴ አያት አርመን ነበሩ። ጫማ ሰፊ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ከአርባ ልጆች ናቸው?» ይለኛል። አርባ ልጆች የሚባሉት ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ካለው የአርመን ገዳም ያመጧቸው ወላጅ አልባ ልጆች ናቸው። የማርሽ ባንድ ሆኑ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በንጉሡ ዘመን የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ሰው ናቸው። የኛ ሰው ግን ከነሱ አይደሉም። ጅቡቲ ላይ ባቡር ተሳፍረው፣ የጫማ ፎርማ በሻንጣ ይዘው፣ ብቻቸውን ነው የመጡት። እዚህ የጎጃም ሴት አገቡ። በቤታችን «ባባ» እና «እምዬ» ነው የምንላቸው። እናቴ ደግሞ ጉራጌ ናት፤ ቸሃ።

ፎቶው የእጅ መዳፍ ያህላል። ጠርዙ ተሸራርፏል፤ መሀሉን ስንጥቅ አቋርጦታል። ባባ ኮት ለብሰው ቆመዋል። እምዬ ተቀምጠዋል። ከአገጫቸው ሥር እስከ ማተባቸው ድረስ ንቅሳት ተደርድሯል። መካከላቸው የቆመው ሕፃን አያቴ ነው። ሸሚዙ የሌላ ልጅ ይመስል ሰፍቶታል። ጫማው ግን ልክክ ያለ ነው። አባቱ ናቸዋ የሠሩለት።

ጀርባው ላይ በአርመንኛ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። ሥራውን የሚሠራው ልጅ ገልብጦ አየና «ግዕዝ ነው እንዴ?» አለኝ። አልፈረድኩበትም። አንዱ ፊደል ቁርጥ «ሀ»ን ነው። ጀርባውንም ስካን አድርግልኝ ስለው ሳያንገራግር አደረገው። ይህን ሁሉም ቤት አያደርገውም፤ እናንተም መጠየቅ አትርሱ። ምስሉን አጉልቶ ጥቁሩን ከነጩ ሲለየው፣ ውሃ የበላው ቁጥር ብቅ አለ፦ 1933፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ጽሑፉን አርመንኛ የሚያነቡ አንድ አዛውንት አነበቡልን። «ለገና፣ አዲስ አበባ» ነው የሚለው።

ይህች «ለገና» ለኛ ቤት ትልቅ ነገር ናት። የአርመን ገና በፈረንጅ ጃንዋሪ 6 ነው። በኛ የገና ዋዜማ ይውላል ማለት ነው። እምዬ ደግሞ ያን ቀን ገሃድ ይጾማሉ። ባባ በዓል፣ እምዬ ጾም። ስለዚህ በጥቅል ጎመን ሩዝና ምስር ጠቅልለው የጾም ዶልማ ይሠሩ ነበር። ጾሙም ሳይፈርስ፣ በዓሉም ሳይጓደል። አባቴ ከአያቴ ሰምቶ፣ እኔም ከአባቴ አይቼ፣ ዛሬም የገና ዋዜማ ቤታችን ያለዚያ ዶልማ አይውልም። ፎቶው የተነሳው በዚያው በዓል መሆኑን ግን ያወቅነው አሁን ነው።

በሳምንቱ ስመለስ ፎቶው ስክሪኑ ላይ ነበር። ስንጥቁ የለም። ጠርዙ ሞልቷል። የባባ ኮት ቁልፎች ሳይቀሩ ይቆጠራሉ። የእምዬ አንገት ግን ባዶ ነው። ልስልስ ብሏል፤ ምንም ተነቅሰው የማያውቁ ይመስላሉ። እጄ ቀዘቀዘ።

«ወንድሜ፣ ንቅሳታቸውስ?»

«የቱ ንቅሳት?» ብሎ ወደ ኦሪጅናሉ ተመለሰ። ቆየት አለና «ይቅርታ እህቴ፣ ቆሻሻ መስሎት ፕሮግራሙ ነው ያጸዳው» አለኝ።

ፕሮግራሙ መስመር ሲያገኝ ስንጥቅ ነው ብሎ ዙሪያውን ባለው ቆዳ ይደፍነዋል። የፎቶ ወረቀት ስንጥቅና የሰው አንገት ንቅሳት ለሱ አንድ ናቸው። ለኛ ግን አይደሉም። እምዬ በልጅነታቸው፣ ገና ጎጃም እያሉ፣ በእሾህ ተወግተው ጥላሸት የተቀቡት ነው። አያቴ ልጅ ሆኖ እቅፋቸው ውስጥ የሚተኛው መስመሮቹን እየቆጠረ ነበር። ይህንን በእርጅናውም ይነግረን ነበር። እሱን አጥፍቶ የእምዬን ፎቶ አደስኩ ማለት አይቻልም።

ልጁን የማመሰግነው ከዚህ በኋላ ባደረገው ነው። አልተከራከረኝም። ያልተነካውን ስካን ለብቻው አስቀምጦት ስለነበር እንደገና ከዜሮ ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ በፕሮግራሙ ሳይሆን በእጁ። ወንበር ሰጠኝ። «ይሄ ስንጥቅ ነው፣ ይሄ ንቅሳት ነው» እያልኩ ሁለት ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀመጥኩ። ተጨማሪ ብር አልጠየቀኝም። ባለቤቱ ጋሼ «ከለር እናድርግልሽ?» አሉኝ። አልፈለግኩም። የእምዬን ጥለት ቀለም ማን ያውቃል?

ወደ ካሴቱ ልምጣ። ቲዲኬ 90 ነው። በ1985 ዓ.ም. አሜሪካ ላለችው አክስቴ የተቀዳ ደብዳቤ ነበር፤ ሳይላክ ቀርቶ ቁምሳጥን ውስጥ ተገኘ። የምትናገረው የእናቴ እናት ናት፤ አዶት። ቴፑን ከማንበቢያው ጋር የሚያጣብቀው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ ነበር። ልጁ አምስቱን ብሎን ፈትቶ ቴፑን ከነጥቅሉ ወደ ሌላ ካሴት ቀፎ አዛወረው። ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። መገልበጥ ማለት ካሴቱን እያጫወቱ መቅዳት ስለሆነ አንድ ጎን 45 ደቂቃ ይፈጃል። መሀል ላይ መብራት ሄደና እንደገና ጀመርን። ጀነሬተር የላቸውም፤ ቀጠሮ ስትይዙ ይህን አስቡበት።

ድምፁን «ላጥራው?» ሲለኝ ያልተነካውንም ለብቻው ስጠኝ አልኩት። ከንቅሳቱ ተምሬያለሁ። ሹሹታው ሲጠፋ ከኋላ የሚሰማው ሙቀጫም ጠፍቷል። አውራ ዶሮውም የለም። አጎቴ «አዶት፣ ቀረብ በይ!» የሚለው ራሱ ደብዝዟል። ስለዚህ ሁለቱንም ያዝኩ፤ ያልተነካውን በዌቭ፣ የጠራውን በኤምፒስሪ።

ለፎቶው 1,500 ብር፣ ለካሴቱ 800 ብር ከፈልኩ። ርካሽ አይደለም። ደረሰኝ ደግሞ ጠይቄ ነው የተሰጠኝ። በሳምንት ያልቃል ያሉኝ ሥራም ሦስት ሳምንት ወስዷል። ቢሆንም ሌላ ፎቶ ቢኖረኝ እዚያው ነው የምወስደው። እናንተም ከሄዳችሁ፣ ፎቶውን ከመስጠታችሁ በፊት ጠባሳውን፣ ንቅሳቱን፣ ጽሑፉን እያሳያችሁ «ይህ አይነካ» በሉ። ገልብጠው ከኮምፒውተራቸው ላይ ሳያጠፉት ያልተነካውን ስካን በፍላሽ ተቀበሉ።

ማታ ለእናቴ አጫወትኩላት። አዶት በቸሃ ለአክስቴ የመስቀልን ጎመን ክትፎ አሠራር ታስረዳለች። እኔ ቸሃ የምሰማው በግማሽ ነው። እናቴ እየተረጎመች፣ እኔ ደብተር ላይ እየጻፍኩ ሄድን። አይቤው ጋ ስንደርስ እናቴ «መልሺው» አለች። መለስኩት። «እንደገና።»

«ለካ ኮረሪማውን ቅቤው ሲነጠር ነው የምትጨምረው» አለች። እሷ እስከ ዛሬ መጨረሻ ላይ ነበር የምትነሰንሰው።

የካሴቱ ጎን ለ ገና አልተገለበጠም። ልጁ ለቅዳሜ ቀጥሮኛል።