ጮቄ ላይ በገለባ ጎጆ ማደር፣ የልጆቹ አገልግሎት እንዴት ነው?

የጎጃሙን ጮቄ ተራራ ቀን ወጥቶ ፎቶ ተነስቶ የተመለሰ ሰው ሞልቷል፣ ሌሊቱን የሚያውቀው ግን ከእረኛና ከአካባቢው ገበሬ በስተቀር ብዙም የለም፣ እዛ ሰው እየመሩ የሚያሳድሩ ልጆች አሉ፣ እነሱ ደግሞ የሚያሳዩት ሌሊቱን ነው። የተራራው ስር ተወላጆች ናቸው፣ ከደብረ ማርቆስ በመኪና ያወጧችኋል፣ ከዛ በእግር ጅብራ በሚባለው ረጅም የደጋ ተክል መሀል ትሄዳላችሁ፣ ከሰዓት ላይ ማደሪያችሁን በገዛ እጃችሁ ትሰራላችሁ። ድንኳን ምናምን የለም። እኔ አገልግሎቱን የወደድኩት በዚህ ነው፣ ምክንያቱም ተሰርቶ የጠበቀህ ቤት ምንም አያስተምርህም።

አስተማሪው ልጅ መጀመሪያ የሚያስረዳው በረዶ አገር ያሉ ሰዎች እንዴት እንደሚያድሩ ነው። በረዶውን ከምረው አንድ ሁለት ሰዓት ይተዉታል፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ይጠነክራል፣ ከዛ 30 ሳንቲሜትር የሚሆኑ እንጨቶች ዙሪያውን ይሰኩበትና ከውስጥ መቦርቦር ይጀምራሉ፣ የእንጨቱ ጫፍ ብቅ ሲል ያቆማሉ፣ በዚህ ግድግዳው እኩል ውፍረት ይኖረዋል። መኝታው ከመግቢያው ከፍ ይላል፣ ቀዝቃዛ አየር ወደታች ስለሚወርድ። ጣሪያው ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ግዴታ ነው። ውጪው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ውስጡ ዜሮ አካባቢ ሊቆይ ይችላል፣ በረዶው ውስጥ የታሰረው አየር የሰውነትን ሙቀት ቶሎ አያሳልፍማ።

ጮቄ ላይ የሚጥለው በረዶ ጠጠር ነው፣ ሜዳውን ቢያነጣውም ቤት አይሆንም፣ ስለዚ ልጆቹ ያንኑ አሰራር በገለባ አመጡት። ከሳር የተሰራ ገሳ ለብሶ ዝናብ ላይ የሚውል እረኛ ሚስጥሩን ድሮም ያውቀዋል። ሁለት ቀጫጭን ባህር ዛፍ አቆላልፋችሁ ከፊት ታቆማላችሁ፣ አንድ ረጅም እንጨት እላዩ ላይ ታሳርፉና የኋላ ጫፉን መሬት ታስነካላችሁ፣ ጎንና ጎኑን በእንጨት ትደረድራላችሁ፣ ከዛ የገብስ ጭድና ድርቆሽ ክንድ እስኪሞላ ትከምሩበታላችሁ። አፉ ለነፋሱ ጀርባውን ይሰጣል። ደግሞ ደስ ያለኝ፣ ጓሳውን፣ የተራራውን ሳር ማለቴ ነው፣ ከተራራው አያጭዱም፣ ድርቆሹን ከገበሬ ገዝተው በአህያ ነው የሚያወጡት፣ ያ ተራራ የስንት ወንዝ ምንጭ ነው፣ አባይን ከሚመግቡት አንዱ እሱ ነው፣ ለአንድ ሌሊት ብሎ መላጣ ማድረግ ነውር ነው።

ሰው የማያምነው ነገር ወለሉ ነው። ሁሉም ሰው ከላይ የሚደርበውን ነው የሚያስበው፣ ብርዱ ግን ከስር ነው የሚበላህ፣ መሬቱ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀትህን ይጠጣዋል። ልጁ ጭዱን አንጥፉ ይልና ተኙበት ይላል፣ ተጭኖ ከስንዝር ካነሰ እንደገና ጨምሩ ነው፣ እሺ እስክትሉ አይለቃችሁም። ጎጆውም ጠባብ እንዲሆን ያስገድዳል፣ ሰፊ ቤት በሰው ትንፋሽ አይሞቅም። ማርቆስ 2,450 ሜትር አካባቢ ናት፣ ጫፉ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል፣ በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል ብላችሁ ስታሰሉት ማርቆስ ላይ የለበሳችሁት ጃኬት እዛ ምንም እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ጥንቃቄያቸውም ጥሩ ነው። አረቄ ይከለክላሉ፣ አንዳንዱ ይቆጣል ግን ልክ ናቸው፣ አረቄ ቆዳህን ያሞቅና የውስጥ ሙቀትህን አውጥቶ ይሰጥብሃል። እራት በሶና ትኩስ ሻይ ነው፣ ቆሎ ደግሞ በኪስ። ሌሊት እየዞሩ ይጠሯችኋል፣ አውራ ጣታችሁን ከትንሿ ጣት ጋር አስነኩ ይላሉ፣ ያ ካቃተህ ወይ ምላስህ ከተሳሰረ ሰውነትህ እየቀዘቀዘ ነው ማለት ነው፣ ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ቀልድ የለም።

አሁን ቅሬታዬን ልንገራችሁ፣ እሱን ሳልነግራችሁ ሂዱ ማለት አልችልም። ማታ ላይ ምግብ አብሳዩ ከሰል የተቀጣጠለበት ማንደጃ ይዞ መጣ፣ ጎጆው ውስጥ ሊያስገባ። "ጋሼ ትንሽ ብቻ ነው፣ በሩን ገርበብ እናደርገዋለን" አለኝ። "አይሆንም ወንድሜ፣ ውጪ አድርገው" አልኩት፣ አወጣው ግን ፊቱ ላይ እንዳልተስማማ ያስታውቃል። ከሰሉ አይጨስም ብለን እንተኛለን፣ የሚገድለው ጋዝ ደግሞ ጭራሽ አይሸትም አይታይም፣ ስንት ቤተሰብ በዚህ አልቋል። ያውም በደረቅ ጭድ መሀል እሳት! ሙያው እንዲህ የገባቸው ልጆች ይሄን አንድ ነገር እንዴት እንደሚያልፉት አልገባኝም፣ በጣም ነው ያሳሰበኝ።

የሚያከራዩት የመኝታ ከረጢት ደግሞ ስስ ነው፣ አትከራዩ። የሱፍ ባና ያላችሁ ያንን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሱፍ ቢረጥብም ትንሽ ያሞቃል፣ ጋቢ ግን ጥጥ ነው፣ አንዴ ከረጠበ ብርድ ነው የሚያለብሳችሁ።

ከህዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ውርጩም የሚበረታው ያኔ ነው፣ ለመማር ከሆነ ያኔ ሂዱ። ክረምት ላይ ገለባው ይበሰብሳል፣ እነሱም አይወጡም። የከሰሉን ነገር ካስተካከሉ ያለምንም ማመንታት ልጄን ራሱ እልክላቸዋለሁ፣ እስከዛ ግን ስትደውሉ ከዋጋው በፊት "ማንደጃ ውስጥ ታስገባላችሁ ወይ" ብላችሁ ጠይቋቸው።