የቅዳሜው የልጆች ቴክኖሎጂ ክላስ፦ ለካርቶኑ እከፍላለሁ ለሮቦቱ ግን አልከፍልም

ልጆቼ ስለሚማሩበት የቅዳሜ ክላስ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየጠየቀኝ ስለሆነ እዚሁ ልጻፈውና ልገላገል። ልጆቼን (ሴቷ 5ኛ ክፍል ወንዱ 2ኛ) እዚህ ጎንደር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሚሰጥ የልጆች ዲዛይንና ቴክኖሎጂ ክላስ 2 ወር አስተምሬያቸዋለሁ። ስሙን አልጠራም፣ ባለቤቶቹ የምንተዋወቅ ሰዎች ናቸው ደሞ ወቀሳም አለኝ። ክፍያው ለአንድ ልጅ በወር 1,200 ብር ነው፣ ለሁለቱ ስል ትንሽ ቀንሰውልኛል።

እኔም እንደሰው ሮቦቱን አይቼ ነው የገባሁት። በሩ ላይ ትልቅ ባነር አለ፣ ውስጥ ስትገቡ ሮቦቱ ራሱ መስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ቁጭ ብሎ ተቆልፎበታል። በ8 ቅዳሜ ስንቴ የወጣ ይመስላችኋል? አንዴ። እሱም ቲቸሩ ነው የነካው፣ ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው አዩት፣ ትንሽ እንደሄደ ቻርጅ ጨረሰና ተመልሶ ገባ። አለቀ።

ኮምፒውተሩም ያው ነው፣ 6 ኮምፒውተር ለ20 ምናምን ልጅ፣ አንዱ ማውስ ይይዛል ሌሎቹ ይጋፋሉ። የሚያስተምሩት ስክራች ነው፣ እሱስ ጥሩ ነገር ነው፣ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሠራው፣ ነፃ፣ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ ልጁ ኮድ ከመጻፍ ባለቀለም ብሎኮቹን እየገጣጠመ ድመቷን የሚያስኬድበት። ግን በእንግሊዝኛ ከፍተውት ልጆቹ የብሎኩን ቀለም ነው የሚሸመድዱት፣ «ብርቱካናማውን ከቢጫው ሥር» እያሉ። ኧረ ቋንቋ መምረጫው ላይ አማርኛ አለ! ሄጄ አሳየኋቸው፣ ቲቸሩ «ውይ አላየሁትም ነበር» አለ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ያው እንግሊዝኛው ነበር።

በዚህ ልተወው ስል ነው 4ኛው ሳምንት ላይ መብራት የጠፋው። ኮምፒውተር የለም ፕሮጀክተር የለም፣ ረዳት የሚባለው ልጅ እግር ቲቸር ልጆቹን ሰብስቦ በረንዳ ላይ አወጣቸው። እኔ መብራት ሲጠፋ ወደ ቤት ይለቋቸዋል ብዬ ልወስዳቸው ሄጄ እዛው ቀረሁ። ይዞት የመጣው ካርቶን የሱቅ ነው፣ የብስኩትና የሳሙና፣ ከዛ ፕላስተር፣ ስፒልና መቀስ። ሁለት ወንበር አራርቆ አስቀመጠና «በዚህ መሃል ድልድይ ሥሩልኝ፣ አንድ ሊትር ውሃ ይሸከም» አላቸው፣ ሌላ ምንም አላለም። የልጄ ቡድን ድልድይ ወዲያው ታጥፎ ጠርሙሱ መሬት ወረደ። ሰውየው አልሳቀም አላረመም፣ 4 የካርቶን ቁራጭ ጫፍ ለጫፍ በስፒል አያይዞ አራት ማዕዘን ሠራና «ግፊው» አላት፣ ገፋችው፣ ተንጋደደ። ከዛ አንድ ተጨማሪ ቁራጭ ሰጣትና «የት ብታስገቢው እምቢ ይልሻል?» አላት። ልጄ ላይ ታች ስትሞክር፣ ጎን ስትሞክር፣ ቆይታ ቆይታ ከጥግ ጥግ አጋደመችውና ገፋችው፣ ንቅንቅ የለም። አራት ማዕዘኑ ለሁለት ተከፍሎ እያንዳንዱ ሦስት ማዕዘን ሆነ ማለት ነው። ፊቷን ብታዩት። «ማታ የቤታችሁን ጣራ የተሸከመውን እንጨት እዩና ሦስት ማዕዘን ቁጠሩ» ብሎ ሸኛቸው፣ እሷ ደሞ ኮርኒስ ያለበትን ትታ ኩሽና ገብታ አንጋጣ ስትቆጥር ወጥ አሳረረችብኝ።

ከዛ በኋላ ባሉት ቅዳሜዎች መብራት ቢኖርም ባይኖርም ወላጆች ስለጠየቅን የመጨረሻውን አንድ ሰዓት ለሱ ሰጡት። የወደድኩለት ነገር ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ቡድን ቆሞ «እንደገና ብንሠራው ምኑን እንለውጣለን» የሚለውን መመለሱ ነው። እንግሊዝ ሀገር ይሄ የዲዛይንና ቴክኖሎጂ ትምህርት በነሱ አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ ከትናንሽ ክፍሎች አንስቶ ራሱን ችሎ ይሰጣል፣ ማሰብ፣ መሥራት፣ የሠሩትን መገምገም ነው ነገሩ። እኛ ጊዜ እጅ ሥራ ሲባል የአክስቴን ሙዳይ ይዤ ሄጄ 10 ከ10 ያገኘሁ ሰው ነኝ፣ ማንም እንዴት ሠራሽው ብሎ አልጠየቀኝም። ሰፈር ውስጥ ሽቦ መኪና በቆርኪ ጎማ የሚሠሩት ወንዶች ግን ዲዛይን እየተማሩ ነበር ለካ፣ እናቶቻቸው ሽቦውን እየነጠቁ ይጥሉባቸው ነበር እንጂ።

ዋናው ቲቸር ደሞ ስለ ቅስት (ከላይ እንደ ቀስት የጎበጠ አሠራር) ሲያስተምር የሮም ድልድይ ፎቶ በፕሮጀክተር አሳየ። ጎንደር ላይ ቁጭ ብሎ! የፋሲል ግንብ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ ተሠርቶ በሮቹ ቅስት ናቸው፣ ከክላሱ በባጃጅ ቅርብ ነው፣ ወስዶ ድንጋዮቹ እንዴት እርስ በርስ ተጫጭነው እንደቆሙ በጣት ማሳየት ሲቻል።

አንድ የተናደድኩበት ነገር አለ። የኤልኢዲ መብራት ቀን ነው። አሠራሩ ራሱ ቆንጆ ነው፣ ክብ ባትሪዋን (3 ቮልት፣ የሳንቲም ቅርጽ ያላት) በትንሿ አምፖል ሁለት እግሮች መሃል ያስገባሉ፣ ረጅሙ እግር የፕላስ በኩል ካልሆነ አይበራም፣ ልጄ «ተበላሽታለች» ብላ ልትጥላት ስትል ገልብጣ አበራቻት። ችግሩ ባትሪዎቹን በኪሳቸው ይዘው ወደ ቤት እንዲሄዱ ለቀቋቸው። እኔ ቤት የ2 ዓመት ሕፃን አለ። ያቺ ባትሪ ከተዋጠችና ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ማቃጠል ትችላለች፣ ቀልድ አይደለም፣ ተዋጠች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ቀጥታ ሆስፒታል ነው። ደውዬ ስነግራቸው «ትንሽ ነገር እኮ ናት» ነው ያሉኝ። ትንሽ ስለሆነች እኮ ነው የምትዋጠው! ለልጆች ሁለት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ተያይዞ ቢሠራ ያው ይበራል።

ሌላው 2ኛ ክፍልና 6ኛ ክፍል አብረው መቀመጣቸው ነው፣ ትልልቆቹ መቀሱን ይይዙና ትንንሾቹ ፕላስተር አቀባይ ሆነው ይቀራሉ።

ከ5 ስንት ትሰጫለሽ ላላችሁኝ፣ ለክላሱ 2፣ ለረዳቱ ቲቸር 5። ስትመዘገቡ እሱ መኖሩን ጠይቁ፣ ካርቶንና ያለቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከቤት ስጧቸው፣ ሮቦቱን አይታችሁ አትክፈሉ። ሴቷን ለሚቀጥለው ዙር አስመዝግቤያታለሁ። ወንዱ ትንሽ ይደግ ብዬ አስቀርቼዋለሁ፣ እሱ ግን ሬዲዮዬን ፈትቶ ዲናሞ ፈልጎ ስላጣ አሁን ካቻቢቴውን ደብቄ ነው የምውለው።